ፊልሙ ወጣ፣ ገንዘቡ የት ቀረ? የአፍሪካ ፊልም ሰሪዎችና የኦንላይን ስርጭት

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የሠራሁት አንድ የ94 ደቂቃ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወርዶ በአንድ የውጭ አከፋፋይ በኩል ኦንላይን ከወጣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ይቀሩታል። ባለፈው ሳምንት የሩብ ዓመት የገቢ መግለጫ ደረሰኝ። መግለጫው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ የፊልሙ ርዕስ፣ “ልዩ ልዩ መድረኮች” የሚል ሐረግ፣ ከዚያም 41 ዶላር ከ17 ሳንቲም። ከሥሩ ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር ስላልሞላ ክፍያው ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት መሸጋገሩን የሚገልጽ ማስታወሻ አለ። በዚያው ምሽት ያው ፊልም ያለ ፈቃድ የተለጠፈበትን አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ፤ ከፋይሉ ሥር ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ 38 ሺህ የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ፊልምን ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ለአፍሪካ ፊልም ሰሪ ዛሬ ትልቅ ችግር አይደለም። መሄጃው ክፍት ነው፤ የተዘጋው መመለሻው ነው። ገንዘቡም፣ ፊልሙን ማን፣ የት፣ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንዳየው የሚናገረው መረጃም መንገድ ላይ ይቀራሉ። መረጃው የሌለው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ፊልሙ ገንዘብ ልጠይቅ ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። በሌሎች የአህጉሩ አገሮች የምትሠሩ፣ ወደ እጃችሁ የተመለሰው ምንድን ነው? በምን መንገድስ ተመለሰ?

(ከአሥር ቀን በኋላ የታከለ፦ መልሶቹ ስለበዙና ጥቂቶቹም ስለጋሉ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልጠቀስኩም። በመካከል የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌን ግን አልክድም።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው በቪሲዲ ዘመን ፊልም ያከፋፍሉ ከነበሩ አንድ አንጋፋ ሰው ነው። ሰላምታቸውን አስቀድመው ቅሬታዬ ተገቢ መሆኑን ከተቀበሉ በኋላ፣ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ረጋ ባለ ቋንቋ አስረድተዋል። የናይጄሪያ ፊልም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በቪኤችኤስ ካሴት፣ በኋላም በቪሲዲ እየተባዛ ከሌጎሱ የአላባ ገበያ ወደ ብዙ የአህጉሩ አገሮች ሲጓዝ፣ ስንት ቅጂ እንደታተመ ጠንቅቆ የሚያውቀው አባዢው ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ የተነገረውን ከማመን ሌላ አማራጭ አልነበረውም። እርሳቸው የሚያዩት ልዩነት አንድ ብቻ ነው። ያኔ ነጋዴው ማስተሩን (ሌሎቹ የሚባዙበትን ዋናውን ቅጂ) ሲረከብ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ማስተሩ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ተስፋ ታቅፎ ይቀራል።

መልስ 2

አጭርና ደረቅ እርማት ነው። መልስ ሰጪው 100 ዶላር ያልሞላ ሒሳብ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም፣ ዩቲዩብም የማስታወቂያ ገቢ የሚከፍለው ከ100 ዶላር ጀምሮ ነው በማለት፣ ዘገየ ማለት ሲገባኝ ተዘጋ ማለቴን ነቅፏል። እርማቱን ተቀብያለሁ። በዚህ አካሄድ አንድ ክፍያ ለመቀበል ሦስት ሩብ ዓመት መጠበቅ እንዳለብኝ ብቻ ልጨምር።

መልስ 3

ናይሮቢ ውስጥ በኤዲቲንግ የምትተዳደር አንዲት እህት ጉዳዩን ከተመልካቹ በኩል አየችው። አንድ ሰዓት ፊልም በመደበኛ ጥራት ወደ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይበላል። የእኔን ፊልም በመደበኛ ጥራት የሚያይ ሰው እንግዲህ ለፊልሙ አንዲት ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት ለአንድ ጊጋ ተኩል ዳታ ይከፍላል፤ ያውም ሳይቆራረጥ ከመጣለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የመነሻ ብሮድባንድ ዋጋ ከነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ ቢያስቀምጥም፣ ብዙ የአህጉሩ አገሮች አልደረሱበትም።

በክፍያ በኩል ግን የኬንያ ነገር እንደሚለይ ጽፋለች። ኤም-ፔሳ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ የባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ በስልኩ መክፈልን ለምዷል። እንዲያም ሆኖ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለኬንያ የአንድሮይድ ስልክ ተጠቃሚዎች የከፈተውን ነፃ አገልግሎት በ2023 ዘግቶታል። መክፈያ መንገድ ስላለ ብቻ ተመልካቹ ከፋይ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ታያለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል፤ ብዙዎቻችን ከተመልካቹ ኪስ የሚያግደን የዶላር ካርድ አለመኖሩ ብቻ ይመስለን ነበርና።

መልስ 4

ይህ ሰው ሰላምታ አያውቅም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ለፕሮዲዩሰሮች ውል እንደሚያዘጋጅ በአንድ መስመር ገልጾ በቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄዬ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ባይ ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ አልቀረም፤ እኔው ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ። የፈረምኩት ለስንት ዓመት ነው? ለየትኛው ግዛት? ብቸኛ መብት ነው ወይስ አይደለም? አከፋፋዩ ወጪዬ ነው ብሎ የሚቀንሰው ገንዘብ ጣሪያ አለው? እነዚህን ሳልመልስ አደባባይ ወጥቼ አቤት ማለቴን አልወደደውም።

ከዚያ በኋላ ያስቀመጠው ስሌት ግን በክሩ (በዚህ የመልሶች ሰንሰለት) ውስጥ ካነበብኳቸው ሁሉ ጠቃሚው ነው። አንድ መድረክ ለአንድ ፊልም 1,000 ዶላር ከፈለ እንበል። ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገባው ፊልሞችን ሰብስቦ ለመድረኮች በሚያቀርበው ድርጅት እጅ ነው፤ እርሱ 25 በመቶ ወስዶ 750 ያሳልፋል። አከፋፋዩ ከዚህ 30 በመቶ ኮሚሽኑን ሲያነሳ 525 ይቀራል። ቀጥሎ የፖስተር፣ የማስታወቂያ ቅንጫቢ፣ የትርጉም ጽሑፍና የፊልም ገበያ ጉዞ ወጪ ተብሎ 500 ይቀነሳል። ለባለቤቱ የሚደርሰው 25 ዶላር ነው፤ ሌባ የለም፣ ሁሉም በውሉ መሠረት ሠርቷል። ወጪው ጣሪያ ከሌለው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ገቢም ያለፈውን ዓመት ወጪ ሲያካክስ ያልቃል። ሳይጠየቅ የመከረውም ነገር አለ፤ መድረክ ፊልም ሲገዛ የባለቤትነቱን ሰንሰለት የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሙዚቃውን በወዳጅነት የሠራ ሰው በጽሑፍ መብቱን ካላስተላለፈ ፊልሙ ራሱ አይሸጥም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ውሉ በየትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም ነበር።

መልስ 5

መልስ 4ን በመደገፍ የራሱን የጻፈ ድምፅ ቀራጭ ነው። የሠሩት ፊልም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆኑ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ገዢ አግኝቶ ነበር። ገዢው ንግግሩን በፈረንሳይኛ ድምፅ ለመተካት (ደብል ለማድረግ) ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ከንግግሩ ተለይቶ የተቀመጠበትን ትራክ ጠየቀ። እነርሱ ጋ ያለው ሁሉም በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ስቴሪዮ ብቻ ነበር። ፕሮጀክቱ የነበረበትን ሀርድ ዲስክ ሲፈልጉ፣ ለሚቀጥለው ፊልም ቀረጻ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ተደምስሶ አገኙት። ሽያጩ በዚያው ቀረ።

የግዕዝ ፊደል ነገርም አንስቷል። የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ አያይዘው ለአንድ መድረክ የላኩት ፋይል በኮምፒዩተር ላይ ደህና ይነበብ የነበረ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ ግን እያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። የጥራት መርማሪው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ መለሰው። ሦስት ጊዜ ላኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ በመጨረሻ የአማርኛውን ጽሑፍ ትተው እንግሊዝኛውን ብቻ ሰጡ።

መልስ 6

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። አንድ ወጣት ዳይሬክተር መልስ 4 የተበደለውን ሰው ጥፋተኛ ማድረጉ ነው በማለት በጠንካራ ቃላት ተቃወመ። እርሱ እንደሚለው ውል አንብቦ መደራደር የሚችለው ሌላ ገዢ ያለው ሰው ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ወደ 130 አዳዲስ አገሮች ሲገባ አብዛኛው አፍሪካም አብሮ ተከፍቶ ነበር፤ ሆኖም ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ2016 ጀምሮ በአህጉሩ ያፈሰሰው 175 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ሲገልጽ ስማቸው የተነሳው ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ኬንያ ናቸው። የተቀረነው አገልግሎቱን ለመግዛት ተፈቅዶልናል እንጂ ለመሸጥ የምናንኳኳው በር አላገኘንም፤ ድርጅቱ ያልተጠየቀ ሥራ በቀጥታ ከፊልም ሰሪ አይቀበልምና። አማዞን ፕራይም ቪዲዮም በናይጄሪያ በይፋ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 2024 በአፍሪካ አዳዲስ ሥራዎችን ማዘዙን አቁሟል። አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ገበያ የውል ትምህርት ለማን ይጠቅማል የሚል ነበር የመልሱ ማሳረጊያ።

መልስ 7 እና 8

በመልስ 7 የጆሃንስበርጉ ሰው ተመልሶ፣ ገዢ አንድ ብቻ መሆኑ ሳያነቡ ለመፈረም ምክንያት እንደማይሆን፣ እንዲያውም ደካማ የሆነ ሰው ይበልጥ ማንበብ እንዳለበት በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰ። ስለ ወጣቱ ዕድሜ የጨመረው ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር እዚህ ባይደገም ይሻላል። መልስ 8 የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በጉዳዩ ላይ እንዲቆዩ አሳስቧል።

መልስ 9

የዩቲዩብ ቻናል ያለው ሰው ነው፤ ረጅም ጽፏል። ብዙ ፕሮዲዩሰሮች ፊልማቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ለቻናል ባለቤቶች የሚሸጡት ስንፍና ይዟቸው እንዳልሆነ ያስረዳል። የማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በዓመት አንድ ፊልም የሚያወጣ ሰው ይህን ለመሙላት ይቸገራል። ቢሞላም አገሩ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ሴኔጋልና ደቡብ አፍሪካ አሉበት፤ ስማቸው የጎደለ የአህጉሩ አገሮች ግን ብዙ ናቸው። የዚያ አገር ሰው ውጭ የሚኖር ዘመድ ስም ፍለጋ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የቤተሰብ ጠብ እርሱም እኔም አንዘረዝረውም።

ከዚህ ሁሉ ያስገረመኝ የግብሩ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ ተመልካች የሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ ከአፍሪካው ስለሚበልጥ፣ ብዙ የአፍሪካ ቻናሎች ተስፋቸውን የሚጥሉት በዳያስፖራው ላይ ነው። የዩቲዩብ ባለቤት ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ በዚያው ገቢ ላይ የአሜሪካ ግብር ይቀንሳል፤ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት በሌለው አገር የሚኖር ሰው 30 በመቶ ይቆረጥበታል። ከአፍሪካ ስምምነቱ ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። የግብር ቅጹን ጭራሽ ያልሞላ ሰው ከአሜሪካው ገቢ አልፎ ከዓለም ዙሪያ ገቢው ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል። ቻናሉን በከፈተ በዓመቱ ገቢው ድንገት ሲቀንስ ተመልካች የሸሸው መስሎት ፖስተሮቹን ሁሉ መቀየሩን፣ ምክንያቱ ያልተሞላ አንድ ቅጽ መሆኑን የተረዳው ግን ከወራት በኋላ መሆኑን ያጫወተን በራሱ ላይ እየሳቀ ነው።

መልስ 10

ስለ ቴሌግራሙ 38 ሺህ ያነሳ ሰው እስካሁን አለመኖሩ እንዳስገረማት የገለጸች ጸሐፊ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ አፍሪካ ፊልም ኢንዱስትሪ ባወጣው ሪፖርት ዘርፉ ያለ ፈቃድ በሚደረግ ቅጂ ቢያንስ ግማሽ ገቢውን እንደሚያጣ ተገምቷል፤ በዚያው ሪፖርት መሠረት በአህጉሩ አንድ የሲኒማ ስክሪን የሚደርሰው ለ787,402 ሰው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ካልተነበቡ ትርጉም አይሰጡም ትላለች። ሲኒማ ቤት በሌለበት፣ ዳታ በሚወደድበት ከተማ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለአሥር ሰው የሚያድለው ፋይል ዋናው የስርጭት መንገድ ሆኗል። ሕጉ የለም ማለት እንዳልሆነም አስታውሳለች፤ ኬንያ በ2019 ባሻሻለችው፣ ናይጄሪያም በ2022 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ሥራ ከኢንተርኔት እንዲነሳ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ግን አንዱ ቻናል ሲዘጋ በማግሥቱ ስሙን ቀይሮ ይከፈታል፤ ማመልከቻውን የሚጽፈውም ያው ፊልሙን የሠራው ሰው ነው።

መልስ 11 እና 12

ከካምፓላ የጻፈ ሰው በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ ማይክሮፎን ይዘው የውጭ ፊልም በሉጋንዳ እየተረኩ ስለሚያሳዩት ቪጄዎች አነሳ፤ ተመልካቹ ከፊልሙ ይልቅ ለተራኪው ድምፅ ነው የሚከፍለው ይላል። መልስ 12 ከዚህ ተነስቶ ደብል ይሻላል ወይስ የትርጉም ጽሑፍ ወደሚል ክርክር ገባ። ደስ የሚል ወግ ቢሆንም ከተነሳንበት ርቆ ስለሄደ አሳጥሬዋለሁ። ከካምፓላው ጽሑፍ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋትስአፕና ፌስቡክን በመሳሰሉ አገልግሎቶች ላይ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ስትጥል፣ አነስተኛ ፊልም ሰሪዎች ፊልማቸውን በነፃ የሚያስተዋውቁበት መንገድም አብሮ ተቀርጧል። ግብሩ በ2021 ሲነሳ የተተካው በኢንተርኔት ዳታ ላይ በተጣለ 12 በመቶ ነው።

መልስ 13

ከዋሽንግተን የጻፉ አንድ አባት የኃይሌ ገሪማን ሥራ በማስታወስ ክሩን ወደ መነሻው መለሱት። “ሳንኮፋ” እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ሲታጣ፣ ኃይሌና ባለቤቱ ሸርክያና አይና በራሳቸው ድርጅት አማካይነት ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። በ2021 ፊልሙ በ4ኬ ጥራት ታድሶ አሬይ በተባለ አከፋፋይ አማካይነት ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። እኚህ አባት ያተኮሩት በፊልሙ ዝና ላይ አይደለም፤ የሚሸጥ መብት የቆየው መብቱ ከባለቤቱ እጅ ስላልወጣ ነው ይላሉ። የመልስ 4 ጸሐፊ ትክክል መሆኑን፣ አነጋገሩን ግን ሊያርም እንደሚገባ አክለዋል።

መልስ 14

የመልስ 6 ወጣት፣ አሁን በለዘበ ቃል። ኃይሌ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊትም ፊልማቸውን የሚሸጡበት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፍተዋል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ለመጠበቅ ሌላ እንጀራ ያስፈልጋል። መልስ የሰጠው የለም። እኔም መልስ የለኝም።

መልስ 15

አክራ የሚኖር ሰው ስለ አንድ ምሽት ብቻ ጻፈ። ትኬት ቆርጠው በቀጥታ የሚያዩት የኦንላይን ምርቃት ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. ለመጋቢት 14 ቀን 2024 ነበር። በዚያ ቀን በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የባሕር ሥር ኬብሎች ተበጠሱና ኢንተርኔቱ በብዙ አገሮች ተሽመደመደ። ገንዘቡን በሞባይል ለመመለስ የማስተላለፊያው ክፍያ ከኪሳቸው ወጣ፤ ስለዚህ ገና ያልታየው ፊልም የመጀመሪያ ሒሳቡ ኪሳራ ሆነ።

መልስ 16

ይህ የእኔ ነው። ውሉን አገኘሁት፤ 22 ገጽ ነው። በገጽ 9 እንደተጻፈው ለመላው ዓለም፣ በብቸኝነት፣ ለሰባት ዓመት ሰጥቻለሁ፤ ዘመኑ ከማለቁ 90 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላስታወቅኩ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት በራሱ ይታደሳል። ቀኑን ቆጠርኩት፤ ለማሳወቂያው 12 ቀን ይቀረኛል። የወጪ ጣሪያ የሚል ቃል የትም የለም። በዓመት አንድ ጊዜ መዝገባቸውን በራሴ ወጪ የማስመርመር መብት ግን ነበረኝ፤ በስድስቱም ዓመት አልተጠቀምኩበትም። ማን፣ የት አየው ለሚለው ጥያቄዬም መጠየቂያው በር ይኸው አንቀጽ ነበር።

መልስ 17

የጆሃንስበርጉ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ በዚህ ጊዜ ሰላምታ ነበረው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሳወቂያው በኢሜይል ቢላክ ውሉ ይቀበለዋል ወይስ አይቀበለውም? ገጽ 19ን ገለጥኩ። በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) ብቻ ይላል፣ በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ። በመጨረሻው የገቢ መግለጫቸው ራስጌ ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ ሌላ ነው። ለሁለቱም አድራሻ ላክ አለኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፤ ፖስታ ቤት ጠዋት ሲከፈት በር ላይ ነኝ።